በሐውልቱ ጀርባ የቆመው ቤተሰብ

ለወታደር ክብር የሚቆሙ ሐውልቶች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩን ጠመንጃ ያነገበውን ሰው ብቻ ነው። ልጆቿን ሰብስባ እቤት የቀረችው ባለቤቱ በነሐስ ተቀርጻ አትታይም። በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች መታሰቢያ ከዚህ ልማድ የተለየ ሆኖ ስላገኘነው ለቤተሰብ ዓምዳችን መርጠነዋል።

መታሰቢያው በዩ ጎዳና፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከሚገኙበት ሠፈር ሳይርቅ ቆሟል። ቀራጺው ኤድ ሃሚልተን የሠራው ሐውልት የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ፊት ለፊቱን ስንመለከት የታጠቁ ወታደሮችና አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ ቆመዋል። ዞረን ጀርባውን ስናይ ደግሞ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው አገኘናቸው። ወታደሮቹ ለእነርሱ አጥር ሆነዋል። በአካባቢው ባሉት የብረት ሰሌዳዎች ላይ በጥቁሮቹ ክፍሎች ውስጥ ያገለገሉ የ209,145 ሰዎች ስም በየሬጅመንቱ ተጽፏል።

እነዚህ ሰዎች የተሰለፉት እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው፣ ጥቁሩ ግን 10 ዶላር ተመድቦለት ከዚያው ላይ ለልብስ 3 ዶላር ይቆረጥበት ነበር። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ይህን አድልዎ በመቃወም ደመወዙን አንቀበልም ብለው ያለ ክፍያ ተዋጉ። ክብራቸውን አስጠበቁ፤ የዚያን ክብር ዋጋ ግን በባዶ ሌማት ፊት የከፈሉት ሚስቶቻቸው ነበሩ። ኮንግረስ ደመወዙ እኩል እንዲሆን የወሰነው እ.ኤ.አ. በጁን 1864 ነው።

ከዚህ የከፋም ነበር። ኬንታኪ ከኅብረቱ ያልተገነጠለ ግዛት በመሆኑ የሊንከን የነፃነት አዋጅ አልደረሰውም። በዚያ የሚኖር ባሪያ በውትድርና ሲመዘገብ ነፃ ይወጣል፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን በባርነት ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ባሎቻቸውን በመከተል ካምፕ ኔልሰን ወደሚባለው የጦር ሠፈር ገቡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1864 በብርቱ ውርጭ ወቅት ወደ 400 የሚሆኑ ሴቶችና ሕፃናት በአዛዡ ትእዛዝ ከሠፈሩ ተባረሩ፤ ጎጆዎቻቸውም ፈረሱ። ከመካከላቸው ከ100 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። አባቶች በዘብ ላይ ሳሉ ልጆቻቸው በመንገድ ላይ ቀሩ።

የዚህ ግፍ ወሬ ተሰምቶ ብርቱ ቁጣን ቀሰቀሰ። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1865 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ የጥቁር ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ነፃ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው የመታሰቢያው ሙዚየም የዘማቾቹን ተወላጆች የዘር ሐረግ ሲመዘግብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በውርጭ ያለቁት እናቶች ስም በብረት ሰሌዳዎቹ ላይ የለም። ስማቸው ቢታወቅ የሚታወቀው ቤተሰቡ ጽፎ ባቆየው ልክ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ አንድ ደብተር ከመጽሐፍ መደርደሪያችሁ ይኑር። አባወራው የዘመተበትን ዘመንና የክፍሉን ስም ይጻፍበት፤ ከሥሩም በዚያው ዘመን ቤቱን ያቆመችው እመቤት ስም፣ ልጆቹን ያሳደገችበት ቦታና ያለፈችው መከራ ይስፈር። ሐውልቱን የሚያቆሙት ሌሎች ናቸው፤ ደብተሩን ግን ከእናንተ በቀር የሚጽፈው የለም።