የጣናው ነጭ ዓሣና የሚዘጋበት መንገድ

ስለ ጣና ሲወራ ገዳማቱ ይነሣሉ፤ የደንገል ታንኳው ይነሣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ እምቦጩ። በዓለም የዓሣ ተመራማሪዎች ዘንድ ሐይቁን ያስጠራው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ያስጠራው የባሕር ዳር ሰው ነጭ ዓሣ ብሎ ጠብሶ የሚበላው፣ ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን ነው። ለገበያ አንድ ስም ይበቃዋል እንጂ በሐይቁ ውስጥ 15 ዝርያ ሆኖ ይኖራል። የአንዱ አፍ ሰፊ ነው፤ የሌላው ዓይን ትልቅ ነው፤ ከንፈሩ የወፈረም አለ፤ በጎርጎራ ስም የተሰየመም አለ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዘመዶቻቸው በሙሉ አፋቸው ላይ ጥርስ፣ ሆዳቸው ውስጥም ጨጓራ የላቸውም። የጣናዎቹም የያዙትን የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ እነዚህ ዓሦች ለብቻቸው ተዘግተው፣ እየተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለብ ይዘው ኖሩ። በሐይቁ ደለል ላይ የተደረገ ጥናት ጣና ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ስለሚያመለክት፣ ይህ ሁሉ መለያየት የሆነው ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ዝርያ መፈጠር ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

የእነዚህ ዓሦች ዋና ጉዳት ያለው ሁላችንም በምናይበት በሐይቁ ፊት ሳይሆን ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ላይ ነው። ከ15ቱ ቢያንስ ሰባቱ የሐይቅ ነዋሪ ቢሆኑም የሚራቡት በወንዝ ነው። ክረምቱ ጠንክሮ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲሞሉ ዓሦቹ ከሐይቁ ተነሥተው በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ውሃው ጠራ ብሎ በጠጠር ላይ ወደሚፈስባቸው ገባሮች ይደርሳሉ። እንቁላሉ የሚጣለው እዚያ፣ በጠጠሩ መሃል ነው። ውሃው እየፈሰሰ አየር ካላቀበለው፣ ወይም ጭቃ ከተኛበት፣ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። እምቦጭ ክፉ አረም ነው፤ ጫጩቶቹ ከወንዝ ወርደው የሚያድጉበትን ዳርቻ ይሸፍናል። ሆኖም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ነጭ ዓሣ መመናመን የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ የሚሠራ የዓሣ ማስገር ሥራ በጣና ተጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በተደረገ ክትትል የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። መረብ በራሱ ይህን አያደርግም። የሚያደርገው መረቡ የሚጣልበት ቦታና ወቅት ነው። ዓሣው በወንዙ አፍ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ማጥመድ ለአጥማጅ ከበረት በር ላይ ከብት እንደመያዝ ይቀላል፤ የሚያዘው ግን ገና ያልወለደው ነው። ወደ ላይኛው ገባር የዘለቀውን ደግሞ በብርብራ ፍሬ ዱቄት አደንዝዞ የሚለቅም አለ። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ ስለሆነ አንድ ክረምት የጎደለውን በሚቀጥለው አይሞላም። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው በጾም መድመቁ የታወቀ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ የምትውለው ልክ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ ነው።

ከመረብ ያመለጠውም ወንዙን እንደ ድሮው አያገኘውም። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይዛቃል፤ ተራራው ስለተራቆተ ጭቃው በዝቷል፤ በበጋ ፓምፕ ውሃውን ይስባል፤ በርብና በቆጋ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ገበሬው መስኖ አያስፈልገውም የሚል ሰው ፎገራን አያውቅም ማለት ነው፤ ክርክሩም ከመስኖ ጋር አይደለም። ግድቡ የሚፈጥረው ኩሬ ዓሣ ስለሚያረባ የጠፋውን ይተካል የሚለው መከራከሪያ ግን አያስኬድም። ኩሬ ለቆሮሶ ይመቻል፤ የሚፈስ ውሃና ጠጠር ለሚፈልግ ዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው። ከግድቡ በታች በመራቢያው ወቅት በቂ ውሃ መልቀቅና ጠጠር የሚዛቅበትን ቦታ መለየት መስኖውን አያስቀርም።

ሌላው ተቃውሞ ከገበያ የሚመጣ ነው፤ ዓሣ ሞልቶ የለም ወይ? አለ፤ ነገር ግን ቆሮሶ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ስለሚራባ የወንዙ መበላሸት እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ሚዛን ላይ የሚወጣው ኪሎ ሳይቀንስ ዝርያዎቹ ሊያልቁ ይችላሉ። በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለው ሐይቅ የነበሩት የዚሁ ቤተሰብ ዓሦችም እንደ ጣናዎቹ በአንድ ውሃ ተለያይተው የበዙ ነበሩ። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ልቅ የሆነ ማስገር ተባብረውባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ላናኦ ባዶ ሐይቅ አልሆነም፤ ዓሣ ዛሬም ይጠመድበታል።

አጥማጁስ ምን ይብላ የሚለው ከሁሉም የከበደ ጥያቄ ነው፤ ደሃን ከውሃው አስነሥቶ ዓሣ አዳንሁ ማለት ፍርድ አይደለም። የሚጠየቀው ግን ሐይቁ እንዲዘጋ አይደለም። በነሐሴና በመስከረም የጥቂት ወንዞች አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ ቆሮሶና አምባዛ ከሌላው የሐይቁ ክፍል ይጠመዱ ነው። ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ለእምቦጭ ነቀላ የሚወጣው ሕዝብና ገንዘብ ሲታይ፣ ለሁለት ወር የወንዝ አፍ የሚጠብቅና መረቡን ላነሣው አጥማጅ የሚክስ አቅም ጠፋ ማለት ይከብዳል።