የአንድ ጥማድ ሥራ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ርእሰ ከተማ የሆነችውን ጥሊሊን ሲያልፍ፥ በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስና የድንች ማሳ ተዘርግቶ ያያል። ከባለ ማሳዎቹ አንዱን «ይህ መሬት ምን ያህል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሁለት ጥማድ ነው» ወይም «ሦስት ጥማድ ነው» የሚል ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፥ በዛሬው ስፍር ሩብ ሄክታር ያህል ይሆናል። እንግዲህ አባቶቻችን መሬቱን የለኩት በጊዜ ነው ማለት ነው። ገበሬው ማለዳ በሬዎቹን ሲጠምድ «እርሻዬን ሁሉ ዛሬ እጨርሳለሁ» ብሎ አይነሣም፤ የዚያን ቀን ድርሻ አርሶ፥ ፀሐይ ሲበረታ ቀንበሩን አውርዶ በሬዎቹን ወደ ግጦሽ ይለቃል። በሰንበትና በበዓላት እንደማይታረስ ስለሚያውቅም የሥራ ቀኖቹ የተቈጠሩ ናቸው። «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን ራሳችንን ስንዘልፍ ይህን ሰው ባንረሳው ደግ ነው፤ በሰኔ ከማሳው አርፍዶ የሚደርስ ገበሬ እኔ አላየሁም።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፥ ኋላም ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ነበሩ። በየበዓሉ የተቀኟቸውን ቅኔዎች በቃላቸው ይዘው ኖሩ እንጂ አንዱንም በወረቀት አላሰፈሩም። በሸመገሉ ጊዜ ወደ ቤቴ አምጥቼ አብረን እንኖር ስለ ነበር፥ «አባባ፥ እኔ እጽፍልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ደብተርም ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ሰፊ ጊዜ እስካገኝ ስጠብቅ አምስት ዓመት አለፈ። ፋሲካ ሲመጣ «ለክረምት» እላለሁ፤ ክረምት ሲገባ «ከመስቀል በኋላ» እላለሁ። እርሳቸውም «ይደርሳል፥ ልጄ» ከማለት በቀር ወቅሰውኝ አያውቁም።

ይህን የሚያነብ ሰው «ሰነፍ ነህ» ይለኝ ይሆናል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥሁም፤ አጥሬን አጥሬአለሁ፥ ጣሪያዬን አድሻለሁ፥ የሰው ጉዳይ ስንኳ ተሯሩጬ አስፈጽሜአለሁ። የሸሸሁት ያንን ደብተር ብቻ ነበር። የሸሸሁበትም ምክንያት ግእዜ ደካማ ስለ ሆነ በአባቴ ፊት ስሳሳት እንዳልታይ ፈርቼ ነው። ዛሬ ነገ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው ከሥራው ድካም ሳይሆን፥ ሥራው ከሚያመጣበት ኀፍረትና ጭንቀት ነው። ይህንንም በዘመናችን ጉዳዩን የመረመሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በብዙ ጥናት ደርሰውበታል። ስለዚህ እንደዚህ ያለውን ሰው «በርታ!» ብሎ መገሠጽ ጥቂት ነው የሚረዳው።

መፍትሔውን የነገሩኝ ራሳቸው አባቴ ናቸው። አንድ ማታ «ቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን በመጀመሪያው ቀን መወድስ አላዘዙንም» አሉኝ። እውነትም የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ እያለ፥ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ቅኔውን የሚቈጥረውም ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የቈጠረውን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ቢሳሳት የሚሳሳተው በሁለት ቤት ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሁለት ቤት አለ። አባቴም «አንተ ያስፈራህ መስኩ ሁሉ ነው፤ አንዲቱን ትልም አውጣና እንያት» አሉኝ።

ይህ ሥርዓት ለእኛ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች አዲስ ነገር አይደለም። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ከእነዚህም ሠለስት ሦስት፥ ተሰዓት ዘጠኝ ማለት ስለ ሆነ፥ የጸሎቱ ስም ራሱ ሰዓቱን ይናገራል። ዳዊት የሚደግም ሰውም 150ውን መዝሙር በአንድ ቀን ካልጨረስሁ አይልም፤ ሰኞ እስከ 30፥ ማክሰኞ እስከ 60፥ ረቡዕ እስከ 80 እያለ ቅዳሜ ይፈጽመዋል። ውዳሴ ማርያምም እንደዚሁ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፥ የራሴን ሥራ በዚሁ መንገድ ለመክፈል አምስት ዓመት መፍጀቴ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በውጭው ዓለምም ይህን ያወቁ አሉ። የእንግሊዝ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፥ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጥና፥ ሰዓቱን ከፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ እንደ ነበር በገዛ የሕይወት ታሪኩ ገልጿል፤ በዚህም አኳኋን 47 ልብ ወለድ ጽፏል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለው ጣልያናዊ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተማሪ ሳለ፥ በቲማቲም መልክ የተሠራች የማድ ቤት ደወል ለ25 ደቂቃ እየሞላ ማጥናት ጀመረ፤ ዘዴውም በቲማቲሟ ስም ፖሞዶሮ ተብሎ በዓለም ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፒተር ጎልቪትሰር ከባልደረባቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ቦታ እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የሚበልጡት ሲፈጽሙ፥ ይህን ካልወሰኑት ግን የፈጸሙት ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበሩ። ሥራው አንድ ነው፤ ሰዓትና ቦታ መቁረጥ አለመቁረጡ ብቻ ለያቸው።

እኛም ከእራት በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ብለን ወሰንን። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኬን ከቁም ሣጥን አስገብቼ እቈልፋለሁ፤ 2 ሰዓት ሲሞላ ነገሩ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ደብተሩ ይዘጋል። ይህ ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው አያንስም፤ መጨረሻው የማይታወቅ ሥራ ነውና የሚያስፈራው። ለቅሶ ወይም እንግዳ በመጣ ጊዜ «ሌላ ጊዜ» አንልም፤ «ለሐሙስ በዚሁ ሰዓት» ብለን ቀኑን በስሙ እንጠራዋለን። ምን ያህል ቅኔ እንደ ጻፍንም አንቈጥርም ነበር፤ የሚቈጠረው መቀመጣችን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤት እመቤቶች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እበደላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ «የእናንተ ግማሽ ሰዓት ከእኔ ላይ የተቈረጠ ነው» አለችኝ። ነገሩን ሳየው እውነቷን ነው፤ እኛ ስንቀኝ ዕቃ የምታጥበውም ልጆች የምታስተኛውም እርሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ሥራ የእኔ ሆነ፤ እርሷም በዚያ ሰዓት ስፌቷን ትሰፋለች። ለራሱ ሰዓት የሚወስን አባወራ ሰዓቱ ከማን እንደ ተወሰደ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በሰባት ወር 41 ቅኔ ጻፍን። አርባ አንደኛው መወድስ ነበር፤ ስድስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ 2 ሰዓት ሞላና እንደ ልማዳችን ዘጋነው። በማግሥቱ አባቴ አመማቸው፤ ከዚያም በኋላ ከአልጋ አልተነሡም፤ ሁለቱ ቤቶች አብረዋቸው ሄዱ። በዚያች ማታ ስለ ማቆማችን አልጸጸትም፤ በአምስቱ ዓመት ግን እጸጸታለሁ። ሌላ ስንት ቅኔ እንደ ነበራቸው እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ደብተሩ አሁን ከደብራችን መሪጌታ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት አብረን እየተቀመጥን የግእዙን ስሕተት ያርሙልኛል፤ እስካሁን 16ቱን ጨርሰናል።