ስማቸው ቁጥር የሆነ የመቱ ቡናዎች

በይርጋጨፌ ወይም በጉጂ የተመረተ የታጠበ ቡና ማሸጊያ ላይ «74110» ወይም «74112» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የምርት መለያ ቁጥር ሊመስለው ይችላል። የዝርያ ስም ነው። የሁለቱ ዝርያዎች እናት ዛፎች የተገኙት ደግሞ ከይርጋጨፌ ርቆ፣ በኢሉባቦር መቱ አካባቢ በምትገኘው ቢሻሪ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበሽታ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አምጪው ፈንገስ ለጋውን አረንጓዴ ፍሬ ያጠቃል። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ እየሰፋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ በመጨረሻም ፍሬው ይረግፋል፣ አለዚያም ጠቁሮና ተኮማትሮ ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። ዝናባማና ቀዝቀዝ ያለ ከፍታ ቦታ በጣም ይስማማዋል። ኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ ተርቦ አያውቅም።

መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ አቅም የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክፉኛ በተመቱ የቡና ማሳዎች መካከል ገብተው፣ ጎረቤቶቿ ፍሬያቸውን ሲያረግፉ እሷ ተሸክማ የቆመችውን ዛፍ መፈለግ ያዙ። የተመረጡት ዛፎች አረንጓዴ ፍሬና ከዘራቸው የበቀለው ችግኝ በፈንገሱ እየተበከሉ ተፈተኑ። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ እናቱን ይመስላል፤ የረጅም ዓመታት ማዳቀል ሳያስፈልግ የጠንካራዋን ዛፍ ዘር ማባዛት ይበቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዝርያዎቹ ለገበሬ መሰራጨት ጀመሩ።

ስያሜው የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። «74» ዛፏ የተመረጠችበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.፣ ሲሆን የቀረው ተራ ቁጥር ነው። 741 የተባለችው ዝርያ በዚሁ ስሌት የዓመቱ የመጀመሪያዋ ስትሆን የተገኘችው በጅማ አካባቢ ባለችው ጌራ ነው። ለማስታወስ ይከብዳል እንጂ ከስንቱ ያጌጠ ስም ይልቅ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

መልካቸውም ይለያያል። 741 ቅርንጫፎቿን ዘርግታ ክፍት ሆና ታድጋለች። 74110 እና 74112 ግን ቁመታቸው አጠር፣ ቅርንጫፋቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቅጠላቸው፣ ፍሬያቸውና የቡናው ቅንጣትም ትንንሽ ነው። ተጠጋግተው ሊተከሉ ይችላሉ። የጌዴኦ ገበሬ ቢያያቸው ከአካባቢው ዝርያዎች ፍሬው ትልቅ ከሆነው ወሊሾ ይልቅ ባለ ትንንሽ ፍሬውን ኩሩሜ ያስታውሱታል።

ውጭ አገር ያሉ ቡና ቆዪዎች ለዓመታት ይህን ሁሉ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ዝርያ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለው ሸጠዋል። የቡና ባለሙያዎቹ ጌቱ በቀለና ቲሞቲ ሂል በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቡና ዝርያዎች መመሪያ ዝርያዎቹን ከነምንጫቸው ለይቶ አሳይቷል። ማሸጊያ ላይ የቡናው ማሳ ስም ብቻ ሳይሆን የዝርያው አገር መቱም መጻፍ አለበት።