ስሙ ቢለወጥም

ልደታ ባለው ቤታችን የአያቴ ምስክር ወረቀት በክብር ተቀምጧል፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርቱ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፍቶ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን መምህራን ያስተዳድሩት ጀመር። ዲሬክተሩ የነበሩት ዶክተር ሉሲየን ማት፣ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ አንዱ ትምህርት ቤት ለሌላው መሪ አፈራ ማለት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንጦጦ ተባለ። አያቴ ግን፣ «ስሙ ቢለወጥም የተማርሁት አልተለወጠም» ይሉኛል። እኔም ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ስሰናበት ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይዤ የምወጣው ወረቀቱን ብቻ ነው ወይስ ዕውቀቱንም?