የዌምብሊ ቅስት ጌጥ አይደለም

በለንደን የሚገኘው የዌምብሊ ስታዲዮም በተነሣ ቁጥር፣ ከጣራው በላይ የተዘረጋው ታላቅ ነጭ ቅስት ለዓይን ማማለያ ብቻ የቆመና ገንዘብ በከንቱ የፈሰሰበት ጌጥ ነው የሚለው ወሬ ከአንደበት ወደ አንደበት ሲተላለፍ መኖሩ፣ የሥነ ሕንጻን ጥበብ የሚያከብር ሰው በዝምታ ሊያልፈው የማይገባ ስሕተት ነው።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የቀድሞው ስታዲዮም እ.ኤ.አ. በ1923 ተከፈተ፤ እንግሊዝ በ1966 የዓለምን ዋንጫ ያነሣችው በዚያ ነው። በ2003 ፈርሶ በስፍራው የኖርማን ፎስተር ቢሮ ከሌሎች ጋር የነደፈው 90,000 መቀመጫ ያለው አዲስ ሕንጻ በ2007 ተመረቀ። በአሮጌው ስታዲዮም ጣራውን የተሸከሙት ዐምዶች ከኋላቸው ለሚቀመጠው ተመልካች ሜዳውን ይጋርዱበት ነበር፤ የቅስቱም ምክንያት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጣራ ክብደቱን ወደ ምድር የሚያወርድበት መንገድ ይሻልና፣ ከሥሩ ዐምድ ከተከለከለ ከላይ የሚይዘው ማግኘት ግድ ይሆንበታል። የካህኑ ጽና በሰንሰለቶቹ ተንጠልጥሎ እንደሚያዝ፣ የዌምብሊም ጣራ በብረት ገመዶች ከቅስቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገመዶቹ የሚያውቁት መሳብን ብቻ ነው፤ ቅስቱ ግን የተሳበበትን ሸክም ተቀብሎ ወደ መጨመቅ ይለውጠውና በሁለት እግሮቹ ወደ መሠረቱ ያወርደዋል። በዚህ ሥርዓት የሰሜኑን ጣራ ክብደት በሙሉ፣ የደቡቡን ደግሞ ከመቶ 60 እጁን ይሸከማል። ከእግር እስከ እግር 315 ሜትር የሚዘረጋው ይህ ቅስት ቁመቱ 133 ሜትር መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅስት ዝቅ ባለ መጠን እግሮቹን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይበረታልና። ረጅምና ቀጭን ነገር ደግሞ ሲጨመቅ ገና ሳይደቅቅ ይጎብጣል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ብረቱን በመካከል ከማከማቸት ይልቅ ወደ ዳር አውጥተው፣ 7 ሜትር ስፋት ያለው ውስጠ ክፍት የቱቦዎች ጥልፍልፍ አደረጉት፤ በጥቂት ብረትም መጉበጥን የሚቋቋም አካል አገኙ። ዘመም ብሎ መቆሙም የጣራው ገመዶች ወደ ሜዳው ሲስቡት የገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ እየሳበ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዐምድ የማይጋርደው ጣራ በሌላ ዘዴም ሊሠራ ይችላል፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ተተክለው ወደ ፊት በሚዘረጉ ወራጆች የተሸፈኑ ስታዲዮሞች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እኩል በተከፋፈለ ሸክም ሥር የወራጁ ርዝመት እጥፍ ሲሆን በመነሻው ላይ የሚያርፈው የማጉበጥ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የትኛው ዘዴ ወጪን ይቈጥባል በሚለው ጕዳይ ባለሙያዎች ቢከራከሩ ተገቢ ነው፤ ነዳፊዎቹም የቅስቱን መልክ ከሩቅ እንዲታይ አድርገው አስበውበታል። ሆኖም አማራጭ መኖሩ የተመረጠውን ሥራ ፈት አያሰኘውም፤ ውብ መሆኑም ሸክሙን አያቀልለትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያ ወሬ በፊትህ ሲነገር ብትሰማ፣ ቅስቱ ቢነሣ የሰሜኑ ጣራ በመቀመጫዎቹ ላይ እንደሚወድቅ ለተናጋሪው እንድትነግረው አደራ እላለሁ።