ሃይኑፍካ፦ ጫካውና ሰዎቹ

ፖላንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዋርሶን ወይም የካቶሊክ ሃይማኖትን ነው። በምሥራቅ ጫፍ ከቤላሩስ ጋር የሚዋሰነው ሃይኑፍካ ግን ለየት ይላል። ሃይኑፍካ ፖላንዶች «ፖቪያት» የሚሉት፣ የእኛን ወረዳ የሚመስል አስተዳደር ሲሆን ስፋቱ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ተራራ የሚባል የለም።

አካባቢውን ያስጠራው የቢያዎቪየዣ ጫካ ነው። ነገሥታቱ፣ ኋላም የሩሲያ ዛሮች ለአደን ብለው ስለከለሉት ሳይመነጠር ቆየ። በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዙብር የሚባለው የአውሮፓ ጎሽ መኖሪያም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩም የተራበውም ሰው ሲያድነው ከርሞ፣ በ1919 በዚህ ጫካ የመጨረሻው ተገደለ። ታዲያ እንዴት ተመለሰ? በአራዊት ማቆያ የተረፉት ተሰብስበው እንዲራቡ ተደረገና በ1952 እንደገና ወደ ጫካ ተለቀቁ። ዛሬ በዓለም ያለው ዙብር ሁሉ የ12 እንስሳት ዘር ነው።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ፣ በ2002 የሕዝብ ቆጠራ 40 ከመቶ የሚጠጋው ነዋሪ ቤላሩሳዊ ነኝ ብሏል። ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። ገናን የሚያከብሩት እንደ እኛው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በእነሱ ጃንዋሪ 7 ቀን ነው፤ የድሮውን የዩልዮስ ቀመር ስላልተዉ ማለት ነው። አዛውንቶች በገጠር የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ስሙን ብትጠይቋቸው «በራሳችን» ነው የምንናገረው ይላሉ። በቤላሩስኛና በዩክሬንኛ መካከል ያለ ነው። በ1915 የሩሲያ ጦር ሲያፈገፍግ እጅግ ብዙ ኦርቶዶክስ ገበሬ በጋሪ ወደ ሩሲያ ተሰደደ፤ ከዓመታት በኋላ የተመለሰው ያገኘው የተቃጠለ ቤትና ጠፍ መሬት ነበር። ይህ ስደት በየቤተሰቡ እስካሁን ይወራል።

የሃይኑፍካ ከተማ ራሷ ያደገችው በእንጨት ሥራ ነው። ስለዚህ በ2016 መንግሥት «ዛፉን ነቀዝ እየጨረሰው ነው» ብሎ ቆረጣውን ሲያበዛ የደገፉ ነዋሪዎች ነበሩ። የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ደግሞ ማሽኑ ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት እያሰሩ ተቃወሙ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 ቆረጣው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ለእኔ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሆኖም በመጋዝ ሥራ ያደገን ሰው ቅሬታ እንደ ድንቁርና መቁጠር አይገባም።

ከ2021 ወዲህ ጫካው ሌላ ታሪክ መጣበት። በቤላሩስ በኩል ወደ አውሮፓ ለመግባት የሚሞክሩ ስደተኞች በዚሁ ያልፋሉ። ፖላንድ በ2022 በድንበሩ ላይ ከፍታው አምስት ሜትር ተኩል የሆነ የብረት አጥር አቆመች፤ አጥሩ ሰውን ብቻ ሳይሆን ተኩላውንና ዙብሩንም ለያየ። በ2023 የካቲት በጫካው ውስጥ የአንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት አስከሬን ተገኝቷል። በአካባቢው አንዳንድ ነዋሪዎች ማታ ማታ መስኮታቸው ላይ አረንጓዴ መብራት ማብራት የጀመሩት በ2021 ነው፤ ትርጉሙም እዚህ ቤት ምግብና ሙቀት አለ፣ አንኳኩ ማለት ነው።