የክስ ምክንያት የሌለው ክስ

ቡና፣ ማርና ኮረሪማ በሚሸጥበት፣ ብዙው ውል በቃል ብቻ በሚታሰርበት አገር መካሰስ አይቀርም። የሸካ ዞን፣ የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ጌጫም እንዲሁ ናት። ከከሳሾቹ አንዳንዱ ደግሞ ተከሳሹን ሳያይ፣ ምስክር ሳይሰማለት «መዝገቡ ተዘግቷል» ተብሎ ይመለሳል።

አንድ ገበሬ ጀንፈል ቡናውን ለነጋዴ በዱቤ ሰጠ እንበል። ገንዘቡ ሲቀርበት ክስ ጻፊ ዘንድ ሄዶ ያስጽፋል፦ «ተከሳሽ በደለኝ፣ ቤተሰቤን ለችግር ዳረገብኝ፤ የተከበረው ፍርድ ቤት ፍትሕ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ግን ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ መቼና የት የሚለውን ፈልገው ያጡታል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 ክስ ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ ዋናው ክሱ የተመሠረተበት ፍሬ ነገር፣ የተነሣበት ጊዜና ቦታ፣ የሚጠየቀውም ዳኝነት ነው። ይህ ሲጎድልና ክሱ መብትን የማያሳይ፣ ማለትም የክስ ምክንያት የሌለው ሲሆን ፍርድ ቤቱ በቁጥር 231(1)(ሀ) ክሱን ውድቅ ያደርጋል። ሕጉ በብዙው ከህንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ የተቀዳ ነው፤ ይህ ሥልጣንም እዚያ አለ። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሳሽ አቤቱታው አሳማኝ የሚሆንበትን ፍሬ ነገር እንዲጽፍ በመጠየቅ መስፈርቱን አጥብቆታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። የክስ ምክንያት መኖር እና ማስረጃ መኖር የተለያዩ ናቸው። ዳኛው በዚህ ደረጃ የሚጠይቁት «የተጻፈው ሁሉ ቢረጋገጥ ከሳሽ የሚጠይቀውን ያገኛል?» የሚለውን ብቻ ነው። ምስክሩ ይታመናል አይታመንም ገና አልተደረሰበትም። የውል ወረቀት የለህም ተብሎ በዚህ ደረጃ ክስ ሲዘጋ ከሳሹ ሳይሰማ ተፈርዶበታል ማለት ነው፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው።

የገበሬው ክስ የሚድነው እንዲህ ቢጻፍ ነው፦ «በጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በጌጫ ገበያ 340 ኪሎ ጀንፈል ቡና በኪሎ 110 ብር ለተከሳሽ አስረክቤያለሁ። ዋጋውን 37,400 ብር እስከ መጋቢት 30 ሊከፍለኝ ተስማምተን አልከፈለኝም። እንዲከፍለኝ ይወሰንልኝ።» ከሥር ምስክሮቹና ማስረጃዎቹ ይዘረዘራሉ፤ ከሳሹም እውነትነቱን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጦ ይፈርማል። ለቅሶው ወጥቶ ቁጥሩ ገባ።

የክስ ምክንያት በማጣት ክስ መውደቁ ግን በጉዳዩ መረታት አይደለም። ቁጥር 232 ጉድለቱን አሟልቶ አዲስ ክስ ማቅረብን አይከለክልም። ነገር ግን ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ አለ፤ ለምሳሌ የሰው ከብት ቡና ችግኙን ረግጦ ላጠፋበት ሰው ከውል ውጭ የሚቀርበው ክስ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው።

ጌጫ ላይ ሌላም ጭነት አለ። በሸከቾ ቋንቋ የተነገረ ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ ቀኑ፣ ሚዛኑና የዋጋው ነገር በመካከል ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ዳኛው መዝገብ ከመዝጋታቸው በፊት በቁጥር 91 መሠረት ክሱ እንዲሻሻል ቢፈቅዱ ይሻላል። መዝጋት ግድ ከሆነም ትእዛዛቸው የጎደለውን ነገር ለይቶ፣ «የርክክቡ ቀንና የቡናው መጠን አልተገለጸም» ብሎ ይጻፍ። ገበሬው ያንን ወረቀት ይዞ ወደ ክስ ጻፊው ይመለሳል።